ከታዋቂዎቹ ሲምፎኒዎች ወዲያ፦ የሃይድን ብዙም የማይሰሙ ሥራዎች ለማን ተጻፉ? እንዴትስ ይደመጣሉ?

የኖታ ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዮሴፍ ሃይድን ሲነሣ አራት አምስት ስም ነው የሚመላለሰው፦ «ሰርፕራይዝ»፣ «ሚሊታሪ»፣ «ክሎክ»፣ «ኤምፐረር» ኳርቴት፣ «ፍጥረት»። ግሩም ሥራዎች ናቸው። ሁሉንም የጻፋቸው ግን 59 ዓመት ከሞላው ወዲህ፣ ስሙ በመላው አውሮፓ ከታወቀ በኋላ ነው። ሰውየው በ1732 ተወልዶ በ1809 አረፈ (እዚህ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ከ1761 እስከ 1790 ያለውን ዘመን ያሳለፈው በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት በቅጥር ነው። አብዛኛው ሥራው የዚያ ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው።

የቅጥር ውሉ የተፈረመው ሜይ 1 ቀን 1761 ነው። ነጭ ካልሲና ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነስንሶ እንዲቀርብ ያዝዘዋል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፦ መስፍኑ ያዘዘውን እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ ኖታውንም ለሌላ ሰው እንዳያስገለብጥ፣ ያለ ፈቃድ ለማንም እንዳይደርስ ይከለክላል። ክልከላው የተነሣው ውሉ በ1779 ሲታደስ ነው። ስለዚህ የእነዚያ ዓመታት ሙዚቃ አድራሻ አለው። አንዱ ለመስፍኑ ጣት ተለክቶ ተጽፏል፣ ሌላው ቤቱ ለነበሩት ሁለት ሆርን ነፊዎች፣ ሌላው ለአንድ ቼሎ ተጫዋች። አድራሻውን ሳያውቁ ሲሰሙት «ቆንጆ ነው ግን ተራ» ያሰኛል። አድራሻው ሲታወቅ ጆሮ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ላስቀድም፤ ያለ እሱ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ኔዘርላንዳዊው አንቶኒ ፋን ሆቦከን ያዘጋጀው ካታሎግ (የመጀመሪያው ቅጽ በ1957 ወጣ) ሥራዎቹን በዓይነት ይከፍላል። የዓይነቱ ቁጥር በሮማውያን አኃዝ ይቀድማል፣ የሥራው ተራ ቁጥር ይከተላል። 1 ሲምፎኒ፣ 3 ኳርቴት፣ 11 የባሪቶን ትሪዮ፣ 15 የፒያኖ ትሪዮ፣ 16 የፒያኖ ሶናታ ነው። እዚህ ለንባብ እንዲቀል 11፥97 እያልን እንጽፋለን፤ አይኤምኤስኤልፒ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ነፃውን ኖታ ስትፈልጉ ግን የፊተኛውን ቁጥር ወደ ሮማውያን መልሱት። በተጨማሪም የሶናታዎቹን ቁጥር የጊዜ ቅደም ተከተል አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

መነሻዬ የባሪቶን ትሪዮዎቹ ናቸው። የምታውቁ ቀጥሉበት።

ባለ ማሲንቆ

እናመሰግናለን ጋሼ። ባሪቶን ሲባል ከቤዝና ከቴኖር መካከል ያለው የዘፋኝ ድምፅ ነው የሚታወቀው። መሣሪያው ምን ይመስላል? ከኋላው የሚነካ ክር አለው ይባላል፤ አንዱ እጅ ቀስት ይዞ፣ ሌላው ከፊት ክር ተጭኖ፣ ከኋላ በምን ይነካል?

አራተኛ ክር

ባለ ማሲንቆ፣ ስማቸው ገጠመ እንጂ አይገናኙም። ባሪቶን እንደ ቼሎ በጉልበት መካከል ተይዞ በቀስት የሚመታ መሣሪያ ነው፤ ዘመዱ ግን ቪዮላ ዳ ጋምባ (በጉልበት መካከል የሚያዝ የድሮ ባለ ቀስት መሣሪያ) ነው። ከፊት 6 ወይም 7 የአንጀት ክር አለው፤ ቀስቱ የሚመታው እነዚህን ነው። አንገቱ ሰፊና ከኋላ በኩል ክፍት ነው፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ የብረት ክሮች ተወጥረዋል። ቁጥራቸው እንደ መሣሪያው ይለያያል፣ ከ9 እስከ 20 ይደርሳል። የፊተኛው ክር ሲመታ የኋለኞቹ ማንም ሳይነካቸው አብረው ያስተጋባሉ። የግራ እጅ አራት ጣቶች ከፊት ክሩን ሲጫኑ አውራ ጣት ደግሞ ከኋላ የብረቱን ክር ይነካል። የጥያቄህ መልስ አውራ ጣት ነው።

የኋለኞቹን ክሮች በጣት ተጭኖ ማሳጠር አይቻልም። በገና ላይ አንዱ አውታር አንድ ድምፅ ብቻ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ ብረት የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ቅኝታቸው በአብዛኛው የዲ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ትሪዮዎቹ በብዛት በዲ፣ በኤ እና በጂ ሜጀር የሆኑት ለዚህ ነው፤ የሃይድን ሐሳብ አጥሮት አይደለም። የተነኩት ብረቶች ድምፃቸው ቶሎ አይጠፋም፣ የሚያፍናቸውም ነገር የለም፤ ስለዚህ ስምምነቱ ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ ያለፈው ድምፅ ከመጪው ጋር ይጋጫል። ሃይድን በእነዚያ ቦታዎች ስምምነቱን ረጋ አድርጎ ይይዘዋል። ኖታው ላይ ከአንዳንድ ድምፆች አጠገብ አኃዝ ታያላችሁ፤ የስንተኛው የብረት ክር በአውራ ጣት እንደሚነካ ነው የሚናገረው።

ይህን መሣሪያ የሚጫወተው መስፍን ኒኮላውስ ራሱ ነበር። በ1765 ለሃይድን በጽሑፍ ትእዛዝ ደረሰው፦ በድርሰት ይበልጥ እንዲተጋ፣ በተለይም መስፍኑ የሚጫወታቸውን እንዲጽፍ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ገደማ ለባሪቶን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፉ 126 ትሪዮዎች በካታሎጉ ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ባለ ሦስት ክፍል አጫጭር ናቸው። የባሪቶኑ መስመር ከአንድ ጎበዝ አማተር አቅም አያልፍም፤ ጌታው እንዳያፍር ተለክቶ ነው የተሠራው። ጥበቡን የምታገኙት በቪዮላውና በቼሎው ነው።

በ11፥97 ጀምሩ። ለመስፍኑ ልደት የተጻፈ ነው፣ ሰባት ክፍሎች አሉት፣ መጨረሻው ፉግ (አንዱ ዜማ በየመሣሪያው ተራ በተራ የሚገባበት አጻጻፍ) ነው። ቀጥሎ 11፥5ን ስሙ፤ የመጀመሪያው ክፍል ከግሉክ ኦፔራ «ኦርፌኦ» የታወቀውን የኦርፌኦን ልቅሶ ዜማ ተውሶ ይሠራበታል።

ቪዮላ ቁልፍ

ባሪቶን በሌለበት ለመጫወት ለምትፈልጉ፣ ኖታውን አትማችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ይህን እዩ። የባሪቶን መስመር በትሬብል ቁልፍ ይጻፋል፣ የሚሰማው ግን ከተጻፈው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው። ቫዮሊን ይህን መስመር እንዳለ ካነበበ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፦ ዜማው ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ቪዮላው መሐል ይሰጥማል፣ በባሪቶኑና በቼሎው መካከል ባዶ ሜዳ ይከፈታል። በዋናው አጻጻፍ ግን ብዙ ቦታ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቪዮላው ነው። ሦስቱ ድምፆች ተጠጋግተው በወፍራሙ ሰፈር ስለሚኖሩ ነው ያ ጭጋግ የመሰለ ቀለም የሚመጣው።

መፍትሔው ሁለት ቼሎ መያዝ ነው። አንዱ ቼሎ የባሪቶኑን መስመር አንድ ኦክታቭ አውርዶ ያነባል። አኃዝ የተጻፈባቸውን ድምፆች በፒዚካቶ (ክሩን በጣት እየነካ) ይጫወታል። ችግር የሚመጣው ቀስቱና ንኪው በአንድ ጊዜ ሲታዘዙ ነው፤ ባሪቶን ሁለቱንም ይችላል፣ ቼሎ በቀላሉ አይችልም። ደግነቱ ቅኝቱ ዲ ሜጀር ከሆነ የቼሎ ክፍት ክሮች ጂ፣ ዲ እና ኤ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ፤ በግራ እጅ ጣት ክፍቱን ክር እየነኩ በቀኝ ቀስቱን መሳብ ይቻላል። የማይገጥመውን ንኪ ለሁለተኛው ቼሎ አስተላልፉት።

የቪዮላ ተጫዋቾች ሆይ፣ «አጃቢ ነኝ» ብላችሁ ድምፅ አትቀንሱ። ትሪዮዎቹ በቀረጻ ላይ ደብዝዘው የሚሰሙበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

የማታ ኦርኬስትራ

ወደ ሲምፎኒዎቹ ልግባ። ከ1764 እስከ 1776 ባለው ጊዜ የተጻፉትን አንድ ሰው በደንብ ቢሰማ የለንደኖቹን አሥራ ሁለት ሲምፎኒዎች በሌላ ጆሮ ይሰማቸዋል።

ቁጥር 22 (1764፣ ኢ ፍላት ሜጀር) በኦቦ ፈንታ ሁለት ኮር አንግሌ (ከኦቦ ዝቅ ብሎ የሚሰማ ዘመዱ) አለው፤ በሲምፎኒ ታሪክ ብርቅ ነው። ቀስ ባለ አዳጆ ይጀምራል፤ ሆርኖቹ ይጠይቃሉ፣ ኮር አንግሌዎቹ ይመልሳሉ፣ ድምፃቸው የታፈነ ቫዮሊኖች ከሥር እኩል እርምጃ ይራመዳሉ። ኮር አንግሌ የሌለው ኦርኬስትራ በሌላ መሣሪያ ሲተካው ያ የጨለመ ቀለም ይጠፋል። ቀረጻ ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ።

ቁጥር 45፣ «ስንብት» የሚባለው፣ በ1772 መጸው ተጻፈ። ታሪኩ የታወቀ ነው፦ መስፍኑ ኤስተርሃዛ በተባለው የገጠር ቤተ መንግሥቱ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ቆየ፤ ቤተሰባቸውን በአይዘንሽታት ከተማ ትተው የመጡት ሙዚቀኞች ናፍቆት ገደላቸው፤ ሃይድንም ልመናቸውን በሙዚቃ አቀረበ። ብዙም የማይነገረው ግን የሆርኑ ጉዳይ ነው። ሲምፎኒው በኤፍ ሻርፕ ማይነር ነው። የዚያ ዘመን ሆርን ቫልቭ የለውም፤ ቅኝቱ የሚለወጠው ተጨማሪ የተጠመዘዘ ቱቦ በመሰካት ነው፣ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል። ለኤፍ ሻርፕ የሚሆን ቱቦ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በግማሽ ድምፅ የሚያወርዱ ቱቦዎች ከቪየና ታዘዙ። ያው ዕቃ ከመጣ አይቀር ሃይድን ቁጥር 46ን በቢ ሜጀር ጻፈ፤ ይህም ለሲምፎኒ ያልተለመደ ቅኝት ነው። ስለዚህ 45ን እና 46ን አከታትላችሁ ስሟቸው፣ የአንድ ግዢ ልጆች ናቸው። የ46 መጨረሻ ክፍል መሐል ላይ ሜኑዌቱ (በዳንስ ምት የተጻፈው ሦስተኛው ክፍል) በድንገት ተመልሶ ይመጣል።

ስንብቱን ለመጫወት ለምታስቡ፣ የመውጫው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አንደኛ ኦቦና ሁለተኛ ሆርን፤ ፋጎት፤ ሁለተኛ ኦቦና አንደኛ ሆርን፤ ኮንትራባስ፤ ቼሎ፤ የኦርኬስትራው ቫዮሊኖች፤ ቪዮላ። የሚቀሩት ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ናቸው። ቫዮሊኖቹ በዚያ አዳጆ በአራት ክፍል ስለሚከፈሉ አቀማመጡ ከልምምድ በፊት ካልተወሰነ መሐል ላይ ግራ መጋባት ይፈጠራል። ኮንትራባሱ ከመውጣቱ በፊት ረጅም ብቸኛ ንግግር አለው፤ ሙዚቃው ከኤ ሜጀር ወደ ኤፍ ሻርፕ የሚሻገርበት ድልድይ እሱ ነው። ስለዚህ ለመውጣት እንደቸኮለ ሰው አያስሩጠው። እሱ ከወጣ በኋላ መሠረቱ ወደ ቼሎ፣ ከዚያም ወደ ቪዮላ ይተላለፋል፤ ቤት ምሰሶው አንድ በአንድ ሲነቀል እንደማለት ነው። ሁለቱ የመጨረሻ ቫዮሊኖች ሰርዲን (ድምፅ ማፈኛውን) ሌሎች እየተጫወቱ ሳለ ያለ ኮሽታ መግጠም አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደግሞ ለሳቅ ተብሎ በሚጨመር ትወና ነው፦ ወንበር መጎተት፣ እጅ ማውለብለብ። ልመና ነው፤ ዝም ብሎ ተነሥቶ መሄድ ይበቃል።

ቁጥር 47ን (1772) በአጭሩ፦ የሜኑዌቱ ሁለተኛ አጋማሽ የመጀመሪያው አጋማሽ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። ትሪዮውም (እዚህ የሜኑዌቱ መካከለኛ ክፍል ማለት ነው) እንዲሁ። የጎላው ምት ወደ ፊት ሲሄድ መጀመሪያ ላይ ይወድቃል፣ ሲመለስ መጨረሻ ላይ፤ በጆሮ ለመለየት ያንን ተከተሉ።

ፔዳል

የ47ን ሜኑዌት ፒያኖ ላይ መሞከር የሚፈልግ 16፥26ን ይክፈት፤ ሃይድን ያንኑ መስታወት ለሶናታ አምጥቶታል። በመስፍን ኒኮላውስ ስም በ1774 ከታተሙት ስድስት ሶናታዎች የመጨረሻው ነው።

ሶናታ ስትፈልጉ ሁለት ቁጥር እንዳለ እወቁ፦ የሆቦከንና የሃይድን ተመራማሪው የሮቢንስ ላንደን። 16፥20 በላንደን 33 ነው፣ 16፥46 ደግሞ 31፣ 16፥52 ደግሞ 62። የአንዱን ቁጥር ይዘው በሌላው ሲፈልጉ ሌላ ሶናታ ይዞ መምጣት የተለመደ ነው።

ብዙም ለማይሰሙት ሶናታዎች መነሻ 16፥20 ሲ ማይነርን እመክራለሁ፣ 1771 ነው። በአንድ ባር ውስጥ ጮክና ለስለስ እየተፈራረቁ ተጽፈዋል፤ ሃርፕሲኮርድ ይህን በጣት ጉልበት መለየት ስለማይችል ሃይድን ሌላ መሣሪያ እያሰበ እንደነበር ያሳያል። ስሕተቱ እነዚህን ምልክቶች እንደ ጩኸት መውሰድ ነው። እንደ ትንፋሽ መውሰድ ይሻላል፤ የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ይሁን፣ ግን በየቦታው ይሰማ።

16፥50 (ሲ ሜጀር) በለንደን ቆይታው ለፒያኖ ተጫዋቿ ለቴሬዘ ያንሰን የተጻፈ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ቦታ ላይ በእንግሊዝኛ «ኦፕን ፔዳል» ይላል፤ ማፈኛዎቹ ተነሥተው ይቆዩ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ፒያኖ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት የተቀላቀሉት ድምፆች እንደ ሩቅ ጭስ ይሰማሉ። በዛሬ ፒያኖ ፔዳሉን እስከ ታች ከረገጡት ጭቃ ይሆናል። ፔዳሉን እስከ ግማሽ ብቻ ረግጣችሁ፣ ቀኝ እጁን በጣም አለስልሳችሁ፣ ግራውን ከዚያ በታች አድርጋችሁ ሞክሩ። በመጨረሻው ክፍል የሚመጣው ከፍተኛ ኤ ደግሞ በጊዜው የቪየና ፒያኖዎች ላይ አልነበረም፤ የለንደን ፒያኖ ስፋት ይጠይቃል።

እና 17፥6፣ ኤፍ ማይነር ቫርየሽን፣ 1793። ሁለት ዜማ ይፈራረቃል፦ በማይነር 29 ባር፣ በሜጀር 20 ባር። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ተለዋውጦ ይመጣል። ከዚያ የመጀመሪያው ዜማ እንደነበረ ተመልሶ፣ ያለቀ ሲመስል፣ ይሰነጠቅና ማንም ያልጠበቀው ረጅም ማሳረጊያ ይከፈታል። በፍጥነት የጀመረ ሰው በሁለተኛው ዙር ጥቃቅን ኖታዎች ላይ ይሰበራል፤ ፍጥነታችሁን ከእነዚያ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ለኩ። ሃይድን ከጻፈው የፒያኖ ሙዚቃ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

ቀስት

ለቫዮሊን ተጫዋቾች ሁለት ቦታ አለ፣ ሳይዘጋጁ የተገኙ የሚቸገሩበት።

ቁጥር 60 «ኢል ዲስትራቶ» በ1774 ለቲያትር የተጻፈ ሙዚቃ ነው፤ ቲያትሩ ስለ አንድ ዝንጉ ሰው ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት። በመጨረሻው ክፍል ቫዮሊኖቹ ይጀምራሉ፣ ጥቂት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ቆም ብለው ዝቅተኛውን ክር ይቃኛሉ፤ ዝንጉዎች ሆነው ማለት ነው። ይህ በኖታው ተጽፏል፤ ጂ ክር አስቀድሞ ወደ ኤፍ ወርዶ ይጠብቃል፣ በዚያች ቦታ ወደ ጂ ይመለሳል። አንድ ክር ሲላላ በድልድዩ ላይ ያለው ጫና ስለሚቀንስ ሌሎቹ ሦስት ክሮች በትንሹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ከአምስተኛው ክፍል በኋላ ጂን ካወረዳችሁ ሌሎቹንም ፈትሹ። ሲመለስ ደግሞ ክሩ በድልድዩና በአንገቱ ጫፍ ስለሚይዝ በአንድ ጊዜ አይቀመጥም፤ ከጂ አልፎ ትንሽ አውጥቶ መመለስ ይረዳል።

ቁጥር 67 ላይ ዘገምተኛው ክፍል የሚያልቀው ሁሉም ቀስቱን ገልብጠው በእንጨቱ እየመቱ ነው። ውድ ቀስት ላይ ቫርኒሹ ስለሚጫር ለዚያ ምሽት ርካሽ ቀስት ይዞ መምጣት ብልህነት ነው። የሜኑዌቱ ትሪዮ ደግሞ ለሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ጂ ክሩን ወደ ኤፍ አውርዶ እንደ ድሮን ያለማቋረጥ ይይዛል። ማሲንቆ ወይም የገጠር ቫዮሊን ሰምታችሁ ከሆነ ስሜቱ ወዲያው ይገባችኋል።

ጸናጽል

በዚህ ውይይት ያለው ዕውቀት ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሃይድን «ሰባቱ የመጨረሻ ቃላት»ን ጽፏል፤ እኛ ሰባቱ አጽርሐ መስቀል የምንላቸውን ማለት ነው። ብዙ ዓይነት ቀረጻ አለ፦ ኦርኬስትራ፣ ኳርቴት፣ ፒያኖ፣ መዘምራን። በስቅለት ዕለት ለመስማት የትኛው ይሻላል? ዋናውስ የትኛው ነው?

የኖታ ቤት

እኅቴ ወይም ወንድሜ ጸናጽል፣ ዋናው የኦርኬስትራው ነው። በ1786 ገደማ በስፔን ካዲስ ከተማ ካለ ሳንታ ኩዌቫ ከሚባል የጸሎት ቤት ታዘዘ። ሃይድን ራሱ በ1801 በታተመው መቅድም እንደገለጸው ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፦ ግድግዳው፣ መስኮቱና ዓምዱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል፤ መካከል ላይ አንድ ትልቅ መብራት ብቻ ይንጠለጠላል፤ እኩለ ቀን ላይ በሩ ይዘጋል። ጳጳሱ ወደ መስበኪያው ወጥቶ አንዱን ቃል ይናገራል፣ ያብራራዋል፣ ከዚያ ወርዶ በመሠዊያው ፊት ይንበረከካል። ሙዚቃው የሚሰማው በዚያ መንበርከክ ጊዜ ነው። እንዲህ ሰባት ጊዜ። የሃይድን ፈተና ይህ ነበር፦ እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ ገደማ የሚወስዱ ሰባት ዘገምተኛ ክፍሎችን አከታትሎ ሰሚውን ሳያሰለች መጻፍ።

ኳርቴቱ በ1787 በራሱ ተዘጋጀ። የፒያኖውን ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ሃይድን አይቶ አጸደቀው። የመዘምራኑ የመጣው በ1796 ነው፤ ሃይድን በፓሳው ከተማ ሌላ ሰው ቃል ጨምሮበት ሰማና እኔ የተሻለ አደርገዋለሁ ብሎ ተነሣ። በዚህኛው ከአምስተኛው ቃል በፊት ለነፋስ መሣሪያዎች ብቻ የተጻፈ አዲስ መሸጋገሪያ አለ፤ ለእሱ ብቻ ሲባል እንኳ መስማት ይገባል።

የሰባቱ ቅደም ተከተልና ቅኝት፦ «አባት ሆይ፣ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ቢ ፍላት ሜጀር፤ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» በሲ ማይነር ጀምሮ በሲ ሜጀር ያበቃል፣ ገነት የሚለው ቃል ሲከፈት ማለት ነው፤ «አንቺ ሴት፣ እነሆ ልጅሽ» ኢ ሜጀር፤ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ኤፍ ማይነር፤ «ተጠማሁ» ኤ ሜጀር፤ «ተፈጸመ» ጂ ማይነር፣ መጨረሻው ጂ ሜጀር፤ «ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» ኢ ፍላት ሜጀር። ከፊታቸው በዲ ማይነር መግቢያ አለ፣ ከኋላቸው በሲ ማይነር የመሬት መንቀጥቀጥ።

አሰማሙን በተመለከተ፣ መሣሪያው የላቲኑን ቃል በፊደል ቆጠራ ነው የሚናገረው፤ በመጀመሪያው ኅትመት ቃሉ ከአንደኛ ቫዮሊን መስመር ሥር ተጽፎ ነበር። «ተፈጸመ» በላቲን አምስት ክፍለ ቃል ነው፤ ስድስተኛው ክፍል ሲጀምር ሁሉም መሣሪያ በአንድነት አምስት ከባድ ድምፅ ያሰማል። «ተጠማሁ» ላይ ከሥር ፒዚካቶ እንደ ጠብታ ይወርዳል፣ ከላይ ቫዮሊኑ ረጃጅም ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ይጠራል። ጠብታው አለ፣ የሚጠጣ ግን የለም።

ለስቅለት ኳርቴቱን እመክራለሁ። አራት ሰው ነው፣ ባዶነቱ ይስማማል። በየክፍሉ መካከል ቆም አድርጋችሁ ቃሉን አንብቡ፤ ያለ ንባብ በተከታታይ ከሰማችሁት የተሠራበት ሥርዓት ይቀራል።

ቪዮላ ቁልፍ

በኳርቴቱ ላይ አንድ ወጥመድ ልጨምር። ሰባተኛው ክፍል የሚጫወተው በሰርዲን ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጡ ግን ያለ ሰርዲን፣ ሳይቆም ወዲያው ይቀጥላል። ማውለቂያ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። በክሩ ላይ የሚንሸራተት ሰርዲን ከሆነ ወደ ጭራው በአንድ ጣት መግፋት ይበቃል፤ ከድልድዩ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ወድቆ ሲንኳኳ ያንን ጸጥታ ያጠፋዋል። ሌላው፣ ስድስት ሰባት ዘገምተኛ ክፍል ሲጫወቱ እጅ ስለሚከብድ ፍጥነቱ ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆነ ይመጣል። ሃይድን ግን ላርጎ፣ ግራቬ፣ አዳጆ፣ ሌንቶ እያለ ለይቷቸዋል። ልዩነታቸውን በልምምድ በሜትሮኖም ወስናችሁ ኖታው ላይ ጻፉት።

ባለ ማሲንቆ

ገብቶኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ። ከሰሙነ ሕማማት ጋር የሚገናኝ ሌላ ሥራ አለው ወይስ ይህ ብቻ ነው?

የማታ ኦርኬስትራ

አለ እንጂ። ቁጥር 26፣ ዲ ማይነር፣ «ላሜንታትዮኔ» የሚባለው። በመጀመሪያው ክፍል በኦቦና በሁለተኛ ቫዮሊን የሚመጣው ዜማ ሃይድን የፈጠረው አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን የሕማማቱ ንባብ የሚዜምበት የቆየ ዜማ ነው። በኖታው ላይ ወንጌላዊው፣ ክርስቶስ፣ አይሁድ እየተባለ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የሰቆቃወ ኤርምያስን ዜማ ይዞ ይቆማል። አንደኛ ቫዮሊኖች ዙሪያውን በጌጥ ስለሚሞሉት ዜማው ሊደበቅ ይችላል፤ መሪው ኦቦዎቹን ካላጎላቸው ነገሩ ሁሉ ተራ ዘገምተኛ ክፍል ሆኖ ያልፋል።

ማኅደር

ሰው ብርቅ ሥራ ሲያድን የሌላ ሰው ሥራ ይዞ ይገባልና ስለዚያ ልናገር።

«ኦፐስ 3» የሚባሉት ስድስት ኳርቴቶች፣ ታዋቂውን «ሴሬናድ» ጨምሮ፣ የሃይድን አይደሉም፤ ከሮማን ሆፍሽቴተር ጋር ነው የሚያያዙት። «የአሻንጉሊት ሲምፎኒ»ም የእሱ አይደለም። በ1993 ደግሞ ጠፍተው ነበር የተባሉ ስድስት ሶናታዎች «ተገኙ» ተባለ፤ ሮቢንስ ላንደንና ፒያኖ ተጫዋቹ ፓውል ባዱራ ስኮዳ እንኳ አመኑ። የታየው ግን ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር፣ ዋናው ወረቀት አልቀረበም። ቪንፍሪድ ሚኸል የሚባል ጀርመናዊ ሙዚቀኛ ያዘጋጃቸው ሆነው ተገኙ።

በተቃራኒው እውነተኛ ግኝትም አለ። ሃይድን በራሱ እጅ የሥራዎቹን መነሻ ዜማ የሚመዘግብበት መዝገብ ነበረው። እዚያ ላይ የአንድ ሲ ሜጀር ቼሎ ኮንቸርቶ መነሻ ሁለት ባር ያህል ተጽፎ ይታይ ነበር፣ ሙዚቃው ግን የለም። በ1961 ኦልድርዢክ ፑልከርት በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም የኮንቸርቶውን የተገለበጡ ኖታዎች አገኘ፤ መነሻው ከመዝገቡ ጋር ገጠመ። በሜይ 1962 ሚሎሽ ሳድሎ ተጫወተው። የተጻፈው በ1760ዎቹ መጀመሪያ ለቤቱ ቼሎ ተጫዋች ለዮሴፍ ቫይግል ነው። ሦስተኛውን ክፍል ሲሰሙ የቫይግል ግራ እጅ ምን ያህል ወደ ላይ ይሮጥ እንደነበር ይታወቃል።

ስለዚህ አዲስ «የጠፋ ሃይድን» ስታገኙ መጀመሪያ ጠይቁ፦ በራሱ መዝገብ አለ ወይ? ኖታው በየት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል?

ፔዳል

የፒያኖ ትሪዮዎቹ ሳይነሡ ውይይቱ እንዳይዘጋ። ብዙ የቼሎ ተጫዋቾች «ለእኔ ምንም አልጻፈልኝም» ብለው ይተዋቸዋል፤ እውነትም ቼሎው አብዛኛውን ጊዜ የፒያኖውን ግራ እጅ ይደግማል። ምክንያቱ የዚያ ዘመን ፒያኖ ባስ ቀጭንና ቶሎ የሚጠፋ መሆኑ ነው፤ ቼሎው ድምፁን ያረዝመዋል፣ ሥጋ ይሰጠዋል። በዛሬ ግራንድ ፒያኖ ተቃራኒው ይሆናል፣ ቼሎው ተውጦ ይቀራል። የፒያኖው ክዳን በአጭሩ ድጋፍ ይቁም፣ ፒያኖው ግራ እጁን ያለስልስ፣ ኖታውን በቀለም ለመሙላት ቼሎውን ያዳምጥ።

15፥26 (ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ 1795) ለሬቤካ ሽሮተር የተበረከተ ነው። ዘገምተኛው ክፍሉ በቁጥር 102 ሲምፎኒ በሌላ ቅኝት ይገኛል፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስሟቸው። 15፥28 (ኢ ሜጀር) ለዚያችው ለቴሬዘ ያንሰን ነው። መጀመሪያው ላይ ቫዮሊኑና ቼሎው ፒዚካቶ ይነካሉ፣ ፒያኖውም እነሱን መስሎ አጫጭር ይነካል። እዚያ ላይ ፔዳል ጨርሶ አይረገጥ፤ የፒያኖው ድምፅ ከፒዚካቶው ጋር እኩል ማለቅ አለበት። መካከለኛው ክፍል በኢ ማይነር ነው፤ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይጀምሩና ፒያኖው ብቻውን ለረጅም ጊዜ በሁለት መስመር ይሄዳል፤ ቫዮሊንና ቼሎ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በዚያ ጊዜ ገጽ አትገልብጡ።